እንግዳው ቆላ የወረደ ዕለት

ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማል። ሐሙስ ጧት ገዱ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ከወዲያ በኩል አማቹ የሺዋስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ፈላ ውሃ ሲያወራ ሰማ። ቅዳሜ ጋሽ ገዱ ለእድር ስብሰባ ሲወጡ ውሃውን በትልቁ ብረት ድስት ማፍላት፣ ሣጥኑ ላይ መገልበጥ፣ የቀረውን በዱላ መጨረስ፤ ለመቅበሩ ደግሞ ጓሮ ካለው የድንች መደብ አጠገብ ለስላሳ አፈር አለ። የሺዋስ አስተማሪ ነውና ነገሩን እንደ ትምህርት ዕቅድ በተራ በተራ አስቀመጠው። የሚነግራት ሚስቱን እስከዳርን፣ የገዱን ልጅ ነው። ገዱ የልጁን መልስ ጠበቀ። ተው ትለዋለች ብሎ ነበር።

«ምን ልበልህ» አለች። «ገንፎው እኮ ቀዝቅዞ ለውሻ ነው የተሰጠው። ከአጥር ውጭ ቆመው ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ብለውኝ ሄዱ። አንዲት ሴት ገብታ አልቀመሰችልኝም። የእሑዱን ክርስትናም ከአጥር ውጭ ቆመው ይብሉ?»

ገዱን ከተኛበት ያስነሣው ከፈላው ውሃ ይልቅ ገንፎው ነበር። ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ነው። በተወለደች ዕለት ቅቤውን ራሱ ገዝቶ ለልጁ ካስረከበ በኋላ፣ የሴቶቹ ጨዋታ እንዳይረበሽ ብሎ ወጥቶ ሻይ ቤት ዋለ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ግቢው ጭር ብሎ አገኘው፤ በልተው መርቀው ሄደዋል ብሎ ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ እስከዳር ምሳውን እያመጣች ከበሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ታስቀምጥና ሳትቀመጥ ትመለሳለች። እሱም የአራስ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው እያለ ሲያሳልፈው ኖሯል። ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ ከባሏ በቀር የሚያናግራት ሰው ሳይኖር በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻዋን መቀመጧን፣ ያስቀመጣትም እሱ መሆኑን፣ በጋራ ግድግዳ እየኖረ አላወቀም።

ምክንያቱ ከክፍሉ ጥግ ካለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ዘንዶ ነው፤ ቢዘረጋ ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ወገቡ የጎልማሳ ጭን ያህላል። ገዱ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ፣ ሚስቱ አመተ ማርያም በሞተችበት ዓመት፣ ዛሪማ ካለው ካምፕ አጠገብ የውሃ ቱቦ ሲያጸዱ ነበር ያገኙት። ያን ጊዜ ክንድ አይሞላም። ባልደረቦቹ አካፋ ሲያነሡ ገዱ በምሳ ሳህኑ ከተተውና ክዳኑን ገጠመ። ለምን እንዳዳነው ሲጠየቅ የሚመልሰው አልነበረውም፤ እንግዳ ነው፣ ይሰንብት አለ። ደባርቅ ሲያመጣውም ስሙ ያው እንግዳው ሆኖ ቀረ። ገዱ በቀልድ የጀመረው አንቱታ እያደር ልማድ ሆነና፣ ማታ ማታ «እንዴት ዋሉ» ይለዋል፣ የገበያውን ወሬ ይነግረዋል፣ አንዳንዴም ከሣጥኑ አውጥቶ እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። ዘንዶው ከባድ፣ ቀዝቃዛና ዝግተኛ ነበር፤ ራሱን ገዱ ክርን ላይ አሳርፎ ዝም ይላል። ጎረቤቱ ግን የገዱ ዛር ነው አለ። ዶሮ ሰማንያ ብር በገባበት ዘመን ለእባብ ዶሮ የሚያርድ ሰው ጤነኛ አይደለም የሚሉም ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። በዓል ሲመጣ ለቤቱ ሳይገዛ ለሣጥኑ የገዛበት ጊዜ አለ።

ገዱ ልብሱን ለብሶ ከግቢው ወጣ። የታኅሣሥ ብርድ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፣ የባጃጅ ሹፌሮች ካርቶን አንድደው እጃቸውን ያሞቃሉ። እንስሳት ክሊኒኩ ሲደርስ ምስክር የክትባት ሣጥኖች መኪና ላይ እያስጫነች ነበር። ምስክር የዳባት ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ ከተመደበች ገና ዓመቷ ቢሆንም፣ ዘንዶው መብላት እንቢ ባለ ጊዜ ቤቱ ድረስ መጥታ ያየችለት እሷ ብቻ ናት። ብርዱ ነው፣ በአንድ አምፖል የሚሞቅ እንስሳ አይደለም፣ ቆላ ይውረድ ብላው ነበር። ዛሬ ሊያወርደው እንደሆነ ሲነግራት ሥራዋን አቁማ አዳመጠችው፤ ከዚያም ረጋ ብላ አንድ በአንድ ነገረችው። ይህን ለሚያህል ዘንዶ ሁለት ሰው ግድ ነው፤ አንዱ ከራሱ ኋላ ይይዛል፣ ሌላው ወገቡን ይደግፋል። ከመጓዙ በፊት አይበላም። ጆንያ ውስጥ ገብቶ የጆንያው አፍ ይታሰራል፣ ጆንያው ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል። አንገት ላይ አይደረግም። እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችው። ከተጠመጠመ ደግሞ ከራሱ በኩል አይጎተትም፤ ከጭራው ጀምሮ ነው የሚፈታው። የተጠመጠመበት ሰው ጭራውን አይደርስበትምና ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

«እኔን እኮ ያውቀኛል» አላት ገዱ።

«ይሆናል ጋሼ። ግን እዚህ ብርድ ነው። ሲሞቀው እርስዎም አላዩትም።»

ወደ መካነ ብርሃን ለክትባት እየሄደች ነበር፤ ሰኞ ስትመለስ አብራው እንደምትወርድ ቃል ገባችለት። ገዱ እሺ ብሎ አመሰገናት። ሰኞ ከእሑድ በኋላ መሆኑን ግን አልነገራትም። እሑድ ሴቶቹ የሚያልፉት በዚያ ግቢ በር ነው፤ የሚያልፉትም ሣጥኑ መሄዱን አስቀድመው ከሰሙ ነው።

ሁለተኛ ሰው ፍለጋ ወደ ሻይ ቤቱ ጎራ አለ። የካምፕ ጓደኛው ኪዳነ ማርያም፣ ጡረታ የወጣ የግሬደር ሠራተኛ፣ እንደ ወትሮው ፀሐይ ከምትገባበት መስኮት ሥር ተቀምጧል። ሁለቱ ለብዙ ዓመት አብረው ቱቦ ተሸክመዋል፤ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ጫፍ ሲይዝ ማንም ማንን ለምን ብሎ አይጠይቅም ነበር። ገዱ አጠገቡ ተቀምጦ ነገሩን አጫወተው፤ ጭራውን ብቻ ነው የምትይዝልኝ አለው።

«አንተ ራሱን ይዘህ እኔን ጭራ ልታደርገኝ?» አለ ኪዳነ ማርያም፤ አጠገባቸው ያሉትም ሳቁ። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ሲባል አልሰማህም? የእናንተን ጉዳይ እዚያው በካባችሁ ጨርሱ።»

ገዱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ኪዳነ ማርያም ጎንበስ ብሎ፣ ሚስቱ ብትሰማ ጠበል ሳይጠመቅ ቤት እንደማታስገባው ነገረው። ሐሰት አልነበረም፤ ገዱ ሴትዮዋን ያውቃታል። ሻዩን ጨርሶ ተነሣ። ሌላም ሰው ሊጠይቅ አስቦ ነበር። ከሻይ ቤቱ እስከ ቤቱ ባለው መንገድ የሚያውቃቸውን ሰዎች በልቡ ሲቆጥር፣ ሰላም የሚሉት ብዙ ናቸው፤ የአንድ ነገር ጫፍ ያዝልኝ ቢለው የሚይዝለት ግን ፊቱ አልመጣ አለው።

ቤት ሲደርስ ለብቻው ሠራው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መብራት የለም፤ ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዟል። ሣጥኑን ከፍቶ «ይነሡ፣ አገርዎ ልንሄድ ነው» አለና በሁለት እጁ አቀፈው። ዘንዶው እንደ ረጠበ ገመድ ተንዘላዘለ። ምላሱን እንኳ አላወጣም። ጆንያው ውስጥ ሲያስገባው ቅንጣት አልታገለም፤ ገዱ የጆንያውን አፍ ሲያስር ልቡ ተንሰፈሰፈ። ይህን ገራም ፍጡር ነው ሁለት ሰው ይያዘው የሚሉት። ኮሌጅ መጽሐፉን እንጂ እንግዳውን አያውቀውም አለ በልቡ፣ ልጅቱን ሳይቀየማት። ከዚያ ጆንያውን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ሣጥኑን ሊያነሣ ሞከረ፤ አንዱ ጫፍ ሲነሣ ሌላው መሬት ላይ ቀረ። እየጎተተ እስከ ደጁ አደረሰው።

እስከዳር ሕፃኗን እያጠባች በበሯ ቆማ ታያለች። አባትና ልጅ ተያዩ። የሚባል ነገር ነበር፤ ሁለቱም ግን ሌላው እስኪጀምር ጠበቁና ሳይባል ቀረ። ተመልሳ ገባች። ጥቂት ቆይቶ የሺዋስ ጃኬቱን እየቆለፈ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እባብ ይቅርና የእባብ ሥዕል ያለበትን ገጽ በችኮላ የሚገልጥ ሰው ነው። የሣጥኑን ሌላ ጫፍ ያዘ። ዋናው መንገድ እስኪደርሱ በየመሐሉ እያረፉ ሄዱ፤ ሰውም ከሩቅ እያየ መንገዱን ለቀቀላቸው።

ድንችና ገብስ ጭኖ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የደምለው አይሱዙ ቆሞ ነበር። ደምለው ቀልደኛ ሹፌር ነው፤ ሂሳቡ ለሁለት ሰው ነው ለሦስት ብሎ ጠየቀ። ቀልዱን ሲጨርስ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረ፦ ሣጥኑ ከኋላ ጭነቱ ላይ ይሆናል፣ ባለቤቱም እላዩ ላይ ካልተቀመጠበት አይንቀሳቀስም። ገዱ ተንጠላጥሎ ወጣ። የሺዋስ ይመለሳል ብሎ ሲጠብቅ እሱም ወጣ። ትምህርት ቤትስ ቢለው፣ አስፈቅጃለሁ አለ። ማን ላከህ ብሎ አልጠየቀውም።

የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሲጀምር ሁለቱ ሣጥኑን መሐል አድርገው በጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። ከአንድ ወገን ገደሉ፣ ከሌላው ወገን የሚንጠባጠብ ዐለት። መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበረ መኪናው በየቦታው ይቆማል። በአንድ ግቢ ስንት ዓመት ኖረው እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም፤ የሚያወሩት ቢጠፋቸው ስለ ድንች ዋጋ አወሩ፣ ስለ ድልድዩ አወሩ፣ እሱም አለቀ። በመጨረሻ ገዱ ምስክር ያለችውን ሁሉ እንደ ተረት አጫወተው። ቢጠመጠም ከጭራው ነው አሉ የሚፈታው ብሎ ሳቀ፤ የሺዋስ አልሳቀም።

«ጋሽ ገዱ፣ ዛሬ ለምን ተነሡ?» አለው ዓይኑን ከገደሉ ሳይመልስ። «ሰኞ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«ግድግዳው ጭቃ ነው ልጄ። ይሰማል።»

የሺዋስ ጆሮው ቀላ። መጀመሪያ የፈላው ውሃ፣ ቀጥሎም በዚያ ግድግዳ አጠገብ ባለፉት ዓመታት የተነጋገሩት ሌላ ሌላውም ትዝ ያለው ይመስል ራሱን ደፋ። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ መኪናው ጉድጓድ ገብቶ አዘለላቸውና ሣጥኑን በአራት እጅ ያዙት። ያን ጊዜ ውስጥ የነበረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

ድብ ባሕርን ሲያልፉ ገዱ ጋቢውን አወለቀ፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ የሺዋስ ጃኬቱን። አየሩ ወፈረ፣ ግራር በዛ፣ ብረቱ ሲነኩት ይፋጅ ጀመር። ሣጥኑ ውስጥ ጆንያው እንደ ወንፊት ይፋተጋል፤ አንድ ከባድ ነገር ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር እየገፋ ይዞራል። ቀጥሎ ትንፋሽ ተሰማ፤ ረጅም፣ እንደ ጎማ የሚተነፍስ። የሺዋስ ወደ ኋላ ሸሸ። ገዱ ግን ፊቱ በራ፤ እጁን በጣውላው ላይ አሳርፎ፣ አገሩ ሸተተው እኮ አለ። በደባርቅ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ሲንቀሳቀስ ሰምቶት አያውቅም ነበርና፣ ደስታው ይሆናል ብሎ ገመተ።

ከዛሪማ ከተማ በፊት፣ ወንዙ ወደ ቁጥቋጦ በሚታጠፍበት ሰው በማይውልበት ቦታ ደምለው መኪናውን አቆመ። ሣጥኑን አውርደው ከመንገዱ ብዙ ራቅ ወዳለ ዐለት ሥር ተሸክመው አደረሱት። ደምለው ተመልሶ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘጋ። የሺዋስ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ቆመ፤ በሣጥኑ ትተውት በረጅም እንጨት ቢከፍቱት አይሻልም ወይ አለ። ገዱ አልሰማውም። መሰናበት ፈልጓል። ተንበርክኮ የጆንያውን ገመድ ፈታና፣ ስንት ዓመት እንዳደረገው ባዶ እጁን ሰደደ። «ይነሡ እንግዳው» አለ።

ምቱን አላየውም። ክንዱ ላይ እንደ ወጥመድ የተከደነ ነገር ብቻ ተሰማው፤ ቀጥሎ የማያውቀው ጉልበት ከጆንያው ተተርትሮ ወጥቶ በክንዱ፣ በብብቱ፣ በትከሻው ላይ ተጠቀለለ። ይህ አካል ሙቅ ነበር። ገዱ ወደቀ። በሌላው እጁ የዘንዶውን ራስ ሊይዝ ቢሞክር ጥምጥሙ ጠበቀ፤ ወደ አንገቱ ሲሄድ ቅርፊቱ አገጩን ሲነካው ተሰማው። ጭራው ከጀርባው ነበር። ሊጮህ ፈለገ፤ ከአፉ የወጣው ግን የአማቹ ስም ነበር፣ እሱም ቀስ ብሎ።

የሺዋስ መጣ። እንዴት እንደመጣ በኋላ ራሱም ሊናገር አልቻለም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የመጣው፤ በዳበሳ ከገዱ ጀርባ ጭራውን አገኘና ያዘው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ይሁን እርግማን አይለይም። አንድ ዙር ፈታ፤ ዘንዶው ጭራውን ሊመልስ ታገለው፤ በጉልበቱ አፈር ላይ ተጫነውና ሁለተኛውን ዙር ፈታ። ሦስተኛው ትከሻው ላይ የነበረው ነው። ያ ሲላላ የዘንዶው አፍ ከክንዱ ለቀቀ። ገዱ እየተንፏቀቀ ሸሸ፣ የሺዋስ ጭራውን ወርውሮ ሮጠ። ዘንዶው ለአፍታ ራሱን አነሣ፤ በሙሉ ብርሃን፣ ቆዳው ወርቅና ቡና መስሎ ሲያበራ ገዱ እንዲህ አይቶት አያውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ዐለቱ ሥር ፈሰሰ። ሣሩ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

ደምለው ጀሪካን ይዞ መጣ። ክንዱ ላይ በቅስት የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ደም ያነባሉ። የመርዝ አይደለም፤ አጠቡት፣ በገዱ ጋቢ ጫፍ ጠቀለሉት። የሺዋስ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን በአፈር ያሻል።

«የለመደዎት መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለ ገዱ።

ዛሪማ ጤና ጣቢያ መርፌ ተወጋ፤ ነርሷ የምን ንክሻ ነው ብትል የሺዋስ ቀድሞ የእንስሳ አለ። ደምለው ጭነቱን እስኪያራግፍ ሻይ ቤት ደጃፍ ካለ ዳስ ሥር ተቀመጡ። በሙቀቱ ዝንቡ እንኳ ሰንፏል። ገዱ የወንዙን ወገን ያያል። ያ ሁሉ ማታ፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ ክርኑ ላይ ያረፈው ያ ጸጥ ያለ ራስ፤ ብርድ ነበር። መንቀሳቀስ ያቃተው ፍጡር ነበር ሲያደምጠው የኖረው። ይህን ለማን ይነግረዋል? ሊነግረው የሚችለው አንድ ነበር፣ እሱም ሄዷል። የሺዋስ ኔትወርክ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ስልኩን አቀበለው፤ እስከዳር ናት።

«ወረደ?» አለችው።

«ወረደ።»

ከወዲያ የሕፃኗ ትንፋሽ ይሰማል። ገዱ ስለ ገንፎው ሊላት ፈለገ፤ ልጄ አላወቅኩም ሊል። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ሰው አለ፣ ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም።

«አንተስ፣ አባባ?» አለች።

«እኔ እመጣለሁ።»

«እሺ» አለች፤ ቶሎ ግን አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋውም። የየሺዋስ ሂሳብ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ሳይናገሩ ቆዩ።

ሲመለሱ መኪናው ባዶ ስለነበረ ደምለው ጋቢና አስገባቸው፤ ገዱ ከመሐል፣ የሺዋስ ከበሩ በኩል። ፀሐይ ከተራራው ኋላ ስትገባ ጠመዝማዛውን ጀመሩት። ደምለው መጀመሪያ ይቀልድ ነበር፤ እንግዳው ደህና ሰንብቱ ሳይል ሄደ እኮ አለ፤ የሚስቅለት ሲያጣ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ከፍ ባሉ ቁጥር መስታወቱ ጉም ለበሰ፣ ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ገባ። ከአንዱ እጥፋት በኋላ የሺዋስ አንቀላፋ። ራሱ መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ፊት ተንገዋለለ፣ በመጨረሻም መኪናው ሲታጠፍ ገዱ ትከሻ ላይ፣ ከቁስሉ በላይ ወደቀና እዚያው ቀረ። ድካም ነው፤ ገዱ ያውቃል። መንገዱም ነው የጣለው። ክንዱ እሳት የነካው ያህል ያቃጥለዋል፤ ፈቀቅ ቢል ያርፍ ነበር።

ደምለው በጨረፍታ አይቶት፣ ልቀስቅሰው ወይ አለው።

«ተወው» አለ ገዱ። «ይተኛ።»